ስፖንሰሩ የሴቶች ብስክሌት ቡድናችን በስሙ እንዲጠራ ይፈልጋል፤ ምን ሰጥተን ምን እናስቀር?

ማራኪ_ሰፈር

ሰላም ለሁላችሁ። ጎንደር ላይ ስምንት ሴት ተወዳዳሪዎች ያሉት የጎዳና ብስክሌት ቡድን ወደ መደበኛ ክለብነት እየተሸጋገረ ነው። አንድ የግል ድርጅት ስፖንሰር ልሁን ብሎ የፕሮጀክት ሐሳብ በጽሑፍ ጠይቋል። ያቀረበው ጥያቄ፦ ቡድኑ በድርጅቱ ስም ይጠራ፣ ማሊያው ሙሉ በሙሉ በድርጅቱ ቀለም ይሁን፣ ሰነዱ ላይ «ፕሮፌሽናል ቡድን» ተብሎ ይጻፍ። ውሉ ለአንድ ዓመት ነው።

በእጃችን ያለው ስምንት የጎዳና ብስክሌት ነው፤ አምስቱ ባለ 11 ማርሽ፣ ሦስቱ ባለ 10። የዲስክ ፍሬን ያለው የለም። ልምምዱ በአብዛኛው ከአዘዞ ወደ ማክሰኚት፣ በሳምንት አንድ ቀን ወደ አምባ ጊዮርጊስ ዳገት ነው።

ማወቅ የምንፈልገው ይህን ነው፦ «ፕሮፌሽናል» ለመባል ምን ያስፈልጋል? ስሙን መስጠት ጉዳት አለው? ለስምንት ሰው በዓመት ምን ያህል ዕቃ ይታሰብ? ውሉ ላይ እንዳይረሳ የምትሉት ካለስ?

ሩቅ_ጎዳና

«ፕሮፌሽናል» የሚለውን ከሰነዱ አውጡት። ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር (ዩሲአይ) የሴቶችን የጎዳና ቡድኖች በሦስት እርከን ይመዘግባል። ላይኛው ወርልድ ቲም እ.ኤ.አ. በ2020 ተጀመረ፤ መካከለኛው ፕሮቲም በ2025 ተጨመረ፤ ከታች ኮንቲኔንታል አለ። በላይኛው እርከን ዝቅተኛው የዓመት ደመወዝ በ2020 15,000 ዩሮ ነበር፤ በ2021 20,000፣ በ2022 27,500 ሆነ፤ ከዚያ ወዲህም ጨምሯል። ኮንቲኔንታል ላይ ግን ዩሲአይ ያስቀመጠው የደመወዝ ወለል የለም። ስለዚህ አውሮፓ ውስጥ እንኳ የተመዘገበ ቡድን ማሊያ ለብሰው፣ በጎን ሌላ ሥራ እየሠሩ የሚወዳደሩ ሴቶች አሉ። የኮንቲኔንታል ምዝገባ በአገሩ ፌዴሬሽን በኩል አልፎ በየዓመቱ ይታደሳል።

እናንተ ያላችሁበት ከዚህ በፊት ያለው ደረጃ ነው፤ በክልሉና በኢትዮጵያ ብስክሌት ፌዴሬሽን የሚታወቅ፣ ፈቃድ ያላቸው ተወዳዳሪዎች የያዘ ክለብ። ይህንኑ ጻፉ፤ የሚያሳፍር ነገር የለውም። ስፖንሰሩ «ፕሮፌሽናል ቡድን አቋቋምኩ» ብሎ መግለጫ ከሰጠ በኋላ አንድ ጋዜጠኛ የዩሲአይን ዝርዝር ከፍቶ ቢያጣችሁ፣ የሚያፍረው እሱ ቢሆንም የሚቆጣው በእናንተ ነው።

ስለ ስሙ፦ ስጡት፤ ስም መስጠት በዚህ ስፖርት የተለመደ ነው። እግር ኳስ የመግቢያ ትኬት ይሸጣል፣ ተጫዋች ይሸጣል። ብስክሌት የሚካሄደው በመንገድ ዳር በነጻ ነው፤ የቴሌቪዥን መብቱም የውድድሩ አዘጋጅ እንጂ የቡድኑ አይደለም። የሽልማት ገንዘብ ደግሞ ቡድን አያኖርም። የሴቶች ቱር ደ ፍራንስ በ2022 እንደ አዲስ ሲጀመር ጠቅላላ ሽልማቱ 250,000 ዩሮ፣ የአሸናፊዋ ድርሻ 50,000 ነበር፤ ያም በልማድ ለቡድን አጋሮችና ለሠራተኞች ይከፋፈላል። ስለዚህ ቡድን የሚኖረው በስፖንሰር ነው፤ ስፖንሰር ደግሞ በመጀመሪያ የሚገዛው ስም ነው።

አደጋው ከሌላ በኩል ነው የሚመጣው። የኔዘርላንዱን ቡድን ተከታተሉት። ራቦባንክ በ2012 መጨረሻ በዶፒንግ ቅሌት ምክንያት ከወንዶቹ ቡድን ወጣ። ታዋቂዋ ብስክሌተኛ ማሪያን ቮስ የነበረችበት የሴቶቹ ቡድን ግን ራቦባንክ-ሊቭ ተብሎ እስከ 2016 ቀጠለ። ከዚያ በ2017 ደብልዩኤም3፣ በ2018 ዋውዲልስ፣ በ2019 እና 2020 ሲሲሲ-ሊቭ፣ በ2021 ሊቭ ሬሲንግ ተባለ፤ በ2024 ከአውስትራሊያው ጄይኮ አልኡላ ጋር ተዋሐደ። በጥቂት ዓመት ውስጥ ይህን ያህል ስም ሲፈራረቅ ቡድኑ ሳይፈርስ የቆየው፣ ስሙ የስፖንሰሩ ቢሆንም ድርጅቱ ራሱን ችሎ የቆመ ስለነበረ ነው።

ወደ ጎንደር ስናመጣው፦ ክለቡ በራሱ ስም ይመዝገብ፣ የባንክ ሒሳቡም በዚያው ስም ይከፈት፣ የፌዴሬሽን አባልነቱም ብስክሌቶቹም የክለቡ ይሁኑ። ስፖንሰሩ የሚያገኘው በውድድርና በመገናኛ ብዙኃን የሚጠራበትን ስም ለተወሰነ ጊዜ መከራየት ነው። ክለቡ ራሱ በድርጅቱ ስም ከተመዘገበ ግን ድርጅቱ ሲወጣ ፈቃዱንም፣ ሒሳቡንም፣ ብስክሌቱንም ይዞ ይወጣል፤ ልጆቹ ሜዳ ላይ ይቀራሉ።

ለስፖንሰሩ የምታሳዩት ምሳሌ ከፈለጋችሁ፣ ትልልቆቹን የሴቶች ቡድኖች እነማን እንደያዟቸው ተመልከቱ፦ ሞቪስታር የስልክ ድርጅት፣ ኤፍዲጄ የፈረንሳይ ሎተሪ፣ ሊድል ሱፐርማርኬት፣ ኤጂ ኢንሹራንስ። ኤስዲ ዎርክስ ደግሞ ለሌሎች ድርጅቶች የደመወዝና የሰው ኃይል አገልግሎት የሚሸጥ ነው፤ ሰፊው ሕዝብ የሚገዛው ነገር የለውም፣ ግን ስሙን ያወቁት በሴቶች ብስክሌት ነው። ከአፍሪካ ወገን ማስረጃ ቢጠይቅ ሩቅ አትሂዱ። በኤጂ ኢንሹራንስ-ሱዳል የምትወዳደረው የሞሪሺየስዋ ኪምበርሊ ለ ኩር በ2025 ሊዬዥ-ባስቶኝ-ሊዬዥ የተባለውን ውድድር አሸነፈች፣ በዚያው ዓመት በቱር ደ ፍራንስ የመሪዋን ቢጫ ማሊያ ለበሰች፤ የዓለም ሻምፒዮናውም በመስከረም ኪጋሊ ላይ ተካሄደ፣ በአፍሪካ ምድር የመጀመሪያው ነው። በአገራችን ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 ቱር ደ ፍራንስ ላይ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ይህ ሁሉ ግማሽ ገጽ ይበቃዋል። ስፖንሰር አስፈራሪ ፋይል አያነብም።

ደብተርና_ደረሰኝ

የውሉን ጉዳይ እኔ ልጨምር። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ጊዜው፦ አብዛኛው የአገር ውስጥ ድርጅት የበጀት ዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው። የማስታወቂያ በጀት የሚታሰበው ከዚያ በፊት ስለሆነ ሐሳባችሁ ሚያዝያ ወይም ግንቦት ላይ ጠረጴዛው ላይ መሆን አለበት። መስከረም ላይ የገባ ደብዳቤ «በጎ ሐሳብ ነው፣ በሚቀጥለው ዓመት» ይባላል። የዩሲአይ ዓመት ደግሞ ከጥር እስከ ታኅሣሥ በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሚሄድ፣ ወደፊት ኮንቲኔንታል ካሰባችሁ የአንድ ዓመት ውል ሁለቱን አይሸፍንም። ቢያንስ የሁለት ዓመት ይሁን። አንድ ዓመት ብቻ ካሉም፣ እንደሚቀጥሉና እንደማይቀጥሉ ከማብቂያው ስድስት ወር በፊት በጽሑፍ እንዲያሳውቁ አስገቡ። ተወዳዳሪዋ ሌላ ክለብ ለመፈለግ ያ ጊዜ ያስፈልጋታል።

አከፋፈሉ፦ በየሦስት ወሩ፣ በቅድሚያ። የመጀመሪያው ክፍያ ሒሳብ ውስጥ ሳይገባ ሎጎ ማሊያ ላይ አይታተም። ከታተመ በኋላ የመደራደር ጉልበታችሁ አለቀ። የሦስት ወር ደመወዝ በተለየ ሒሳብ ይቀመጥ፤ ያለ ሁለት ፊርማ አይውጣ፤ ለጉዞም ለዕቃም አይነካ። ይህ የእኔ ፈጠራ አይደለም፤ ዩሲአይ ከሚመዘግባቸው ቡድኖች የባንክ ዋስትና የሚጠይቀው ስፖንሰር ሲሰበር ተወዳዳሪዎቹ ባዶ እጃቸውን እንዳይቀሩ ነው። እናንተን ማንም ዋስትና አይጠይቃችሁም፣ ስለዚህ ራሳችሁ አድርጉት።

የብር ዋጋ፦ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ወደ እጥፍ ተጠጋ። ካቴናም ጎማም የሚመጣው ከውጭ ነው። በብር የተቆረጠ የዕቃ በጀት ዓመቱ አጋማሽ ላይ ግማሹን አይገዛም። መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛው ከውጭ የሚገባውን ዕቃ ስፖንሰሩ በብዛት ተቆጥሮ በዓይነት እንዲያቀርብ ማድረግ፤ ውሉ «32 ካቴና» ይላል እንጂ የብር መጠን አይልም። ሁለተኛው የዓመቱን ዕቃ ገንዘቡ እንደገባ በአንድ ጊዜ መግዛት። የመጀመሪያው ይሻላል።

ግብር፦ ሎጎ ለማሳየት የሚከፈል ገንዘብ የማስታወቂያ አገልግሎት ዋጋ ነው፣ ስጦታ አይደለም። ድርጅቱም ወጪ አድርጎ ለመያዝ ሕጋዊ ደረሰኝ ይፈልጋል። መጠኑ የ15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስን ይጨምር ወይም አይጨምር በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ፤ ይህ ባለመጻፉ የሚነሣ ጭቅጭቅ ብዙ ነው። ተወዳዳሪዎቹን በደመወዝ የምትቀጥሩ ከሆነ የአሠሪው የጡረታ መዋጮ 11 በመቶ ነው፤ በጀቱ ላይ ደምሩት። ከእሷ ደመወዝ የሚቀነሰው 7 በመቶ ሌላ ነው።

ወሊድ፦ የሴቶች ቡድን ውል ውስጥ መኖር አለበት። በወርልድ ቲም ደረጃ ሦስት ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጥሎ አምስት ወር ግማሽ ደመወዝ ነው። በእኛ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ደግሞ 30 ቀን ከወሊድ በፊት፣ 90 ቀን ከወሊድ በኋላ፣ ከሙሉ ክፍያ ጋር ነው። ቡድኑ ከዚህ በታች መዋዋል አይችልም። «ካረገዘች ውሉ ይቋረጣል» የሚል አንቀጽ ቢመጣባችሁ ይሰረዝ ብቻ ሳይሆን ያመጣውን ሰው ጠይቁት።

ዶፒንግ፦ ስፖንሰሩ «ቅሌት ከተፈጠረ እወጣለሁ» ማለቱ ትክክል ነው። ግን የአንዲት ተወዳዳሪ ጥፋት የሰባቱን ደመወዝ በዚያው ቀን እንዳያቆም፣ መውጫው ቢያንስ የሦስት ወር ክፍያ ተከፍሎ ይሁን።

ብቸኝነት፦ «ሌላ ስፖንሰር አይግባ» ካሉ በዘርፍ ገድቡት። ባንክ ከሆነ ሌላ ባንክ አይገባም፤ የዱቄት ፋብሪካ፣ የውኃ፣ የጎማ አስመጪ ግን ይገባል። ጎንደር ላይ ስፖንሰር ሲባል ብዙ ሰው መጀመሪያ ቢራ ያስባል። አዋጅ 1112/2011 የአልኮል ማስታወቂያን በሬዲዮና በቴሌቪዥን ከልክሏል፤ ውድድሩ ቢተላለፍ ማሊያው ራሱ ችግር ይሆናል። ያ በር ከተከፈተ መጀመሪያ ጠበቃ ያንብበው።

ማራኪ_ሰፈር

በጣም አመሰግናለሁ። በዓይነት የሚለውን አላሰብነውም ነበር። አንድ ነገር፦ የማሊያውን ንድፍ ልከውልናል። ነጭ ቁምጣ፣ ደረቱ ላይ ትልቅ ሎጎ፣ ከኋላ ኪሱ ላይ የምርቱ ስም። «ዋናዎቹ ቦታዎች እነዚህ ናቸው» ብለዋል።

ቁጥር_117

አይደሉም። ንድፉን የሠራው ሰው የእግር ኳስ ማሊያ ነው ያሰበው።

ብስክሌተኛ ጎንበስ ብላ ነው የምትነዳው። ደረቷ የሚታየው መድረክ ላይ ስትቆምና መስመር ስታልፍ እጇን ካነሣች ብቻ ነው፤ ዳገት ላይ ደግሞ ዚፑ ይከፈታልና ሎጎው ለሁለት ይሰነጠቃል። ኪሱ የባሰ ነው፤ የውድድር ቁጥር የሚለጠፈው እዚያው የታችኛው ጀርባ ላይ ስለሆነ የምርቱን ስም ይሸፍነዋል። ያልተሸፈነውም ሙዝና የዝናብ ጃኬት ሲሞላበት ተወጥሮ አይነበብም።

ካሜራ የሚያየው ከጎን፣ ከኋላና ከላይ ነው። ስለዚህ ዋጋ ያለው ቦታ በቅደም ተከተል፦ የቁምጣው የጭን ጎን (ሞተር ላይ ያለው ፎቶ አንሺ ሁልጊዜ የሚያነሣው ያንን ነው)፣ የላይኛው ጀርባ ከትከሻ እስከ ኪሱ በላይ፣ ትከሻና እጅጌ፣ የሄልሜቱ ጎን። ደረትን ለመድረክ ፎቶ ስጡት፤ ግን ዚፑ መካከል ላይ ፊደል አይኑር፣ ሎጎው በግራና በቀኝ ይደገም ወይም ከዚፑ በላይ ባለው ክፍል ይግባ። በዩሲአይ ደንብም የዋናው ስፖንሰር ስም ከሌሎቹ ጎልቶ በላይኛው ክፍል ከፊትም ከኋላም መታየት አለበት፤ አሁኑኑ እንደዚያ ከሠራችሁት በኋላ መቀየር አይኖርም።

ነጭ ቁምጣ በፍጹም። በዝናብ ያሳያል፣ የካቴና ቅባት አይለቅም፣ የወር አበባ ቀን ደግሞ ልጅቷ ስለ ውድድሩ ሳይሆን ስለ ቁምጣው ታስባለች። ታላላቅ ቡድኖችም በዚሁ ምክንያት ጥለውታል። የድርጅቱ ቀለም ነጭ ከሆነ ላይኛው ማሊያ ላይ ይግባ። ለልምምድ እንዲያውም ጥሩ ነው፤ የማክሰኚት መንገድ ላይ ያለው የጭነት መኪና ሹፌር ከሩቅ እንዲያይ ደማቅ ነገር ያስፈልጋል።

ብዛቱ ለአንድ ሰው፦ 4 አጭር እጅጌ ማሊያ፣ 4 ባለ ማንገቻ ቁምጣ፣ 1 እጅጌ አልባ የንፋስ መከላከያ፣ 1 የዝናብ ጃኬት፣ 2 ጥንድ የእጅ ማሞቂያ፣ 6 ካልሲ፣ 2 ጓንት፣ 1 ቱታ። ጃኬቱን ስፖንሰሮች «ለምን? አፍሪካ ነው» እያሉ ይቆርጡታል። አምባ ጊዮርጊስ ላይ ላብ አድርቆ መውረድ ያለ ንፋስ መከላከያ አይሆንም። የሴት ስፌት ይታዘዝ፤ የወንድ ትንሹ ቁጥር የሴት አይሆንም፣ የመቀመጫው ስፖንጅ ቅርጹ የተለየ ነው። ሎጎውን በስልክ ፎቶ አትቀበሉ፤ ሲጎላ የማይደበዝዝ የኅትመት ፋይል ይስጧችሁ፣ አንድ ቀለም የሆነውንም ጨምረው። ሎጎ ስፌት መስመር ላይ ከወደቀ ይቆረጣል፤ ከመታተሙ በፊት በትንሹና በትልቁ መጠን ተሠርቶ ይታይ።

አንድ የሚረሳ ነገር አለ። ከልጆቹ አንዷ የኢትዮጵያ ሻምፒዮና ብታሸንፍ ዓመቱን ሙሉ በጎዳና ውድድር የምትለብሰው የባንዲራ ቀለም ያለው ማሊያ ነው፤ ለሎጎ የሚተርፈው ቦታ ጠባብ ነው። ስፖንሰሩ ይህንን አስቀድሞ ካላወቀ፣ በድሉ ማግስት «ሎጎዬ የት አለ?» ብሎ ይደውላል።

ሩቅ_ጎዳና

በደረቱ ጉዳይ ሙሉ በሙሉ አልስማማም። ከጎንደር ተነሥቶ የሚወዳደር ቡድን ከሞተር ላይ የቀጥታ ሥርጭት አያገኝም። የሚያገኘው የመድረክ ፎቶ፣ የቡድን ፎቶና የአካባቢ ቴሌቪዥን ቃለ ምልልስ ነው፤ ሦስቱም ደረት ነው የሚያሳዩት። ለዚህ ስፖንሰር ደረቱ ከጭን አይተናነስም። ስለ ኪሱና ስለ ነጩ ግን አንድ ቃል አልጨምርም።

ቁጥር_117

የአካባቢ ቴሌቪዥኑን ልክ ብለሃል። እንግዲያው መድረክ ላይ ዚፑ እስከ አንገት ይዘጋ፣ የፀሐይ መነጽር ይወልቅ። ይህንን የቡድኑ ደንብ ላይ ጻፉት፤ አውሮፓም እንደዚያው ነው።

ካቴና_ሠሪ

ዋጋ አልጽፍም፣ ነገ ይለወጣል። ብዛቱን ልስጥ። አንዲት ልጅ በዓመት 12,000 ኪሎ ሜትር ትነዳለች ብለን እንነሣ።

ካቴና፦ በእኛ አቧራ 3,000 ኪሎ ሜትር ነው የማስበው። በሰው 4፣ ለስምንት 32። የካቴና መለኪያ ግዙ፣ ርካሽ ነው፤ 0.5 ሲያሳይ ይቀየር። 0.75 እስኪደርስ ከተጠበቀ የኋላውን ጥርስ ይበላና ሁለቱም ይጣላሉ። በጊዜው ከተቀየረ አንድ የኋላ ጥርስ ሦስት ካቴና ያስኬዳል፣ ስለዚህ 11 ይበቃል።

ጎማ፦ የኋላው 3,000፣ የፊቱ 6,000። በሰው 6፣ ጠቅላላ 48። ፍሬሙ ካስገባ 28 ሚሊ ሜትር ይሁን። 55 ኪሎ ለምትመዝን ልጅ በ28 ጎማ ወደ 65 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ) በቂ ነው። ጎሚስታ ቤት ወስዶ 110 አስሞልቶ መመለስ የተለመደ ስሕተት ነው፤ ጎማው ይዘላል፣ ኩርባ ላይ አይዝም፣ ጠጠርም ይቀደዋል። የራሳችሁ ባለ መለኪያ ፓምፕ ይኑር። የውስጥ ጎማ 80። የፍሬን ጎማ 24 ስብስብ። የፍሬንና የማርሽ ሽቦ 16 ስብስብ፣ ግማሹን ክረምቱ እንደወጣ ቀይሩት፤ ዝናቡና ጭቃው ሽፋኑ ውስጥ ገብቶ ሽቦውን ያዝገዋል፣ ማርሹ ከዚያ በኋላ ቢስተካከልም አይረጋም። የጫማ መያዣ (ጫማውን ከፔዳሉ የሚያቆልፈው) 16 ጥንድ። መለዋወጫ ተሽከርካሪ (ከነጎማው) 3 ጥንድ።

አሁን ዋናው ችግራችሁ፦ 10 እና 11 ማርሽ መደባለቁ። ውድድር ላይ ጎማ ስትቀይሩ ባለ 10 ጥርስ ያለው ተሽከርካሪ ባለ 11 ብስክሌት ላይ ቢገባ ማርሹ አይገጥምም፣ ልጅቷ እየዘለለባት ትጨርሳለች። በተጨማሪ የባለ 11 ጥርስ የድሮው ሞዞ (ጥርሱ የሚገባበት የተሽከርካሪው እምብርት) ላይ አይገባም፤ በተቃራኒው ግን ባለ 10 ጥርስ በ1.85 ሚሊ ሜትር ቀለበት አዲሱ ሞዞ ላይ ይገባል። ስለዚህ ሦስቱን ብስክሌት ወደ 11 ማሳደግ ከሁሉ ይቅደም፦ መቀየሪያ እጀታ፣ የኋላ ማርሽ ቀያሪ፣ ካቴና፣ ጥርስ፣ ሞዞው ጠባብ ከሆነ የኋላ ተሽከርካሪ። ፊት 50/34፣ ኋላ 11-32 ለአምባ ጊዮርጊስ ይበቃል። ግን አጭር ክንድ ያለው ማርሽ ቀያሪ 32 ጥርስ አይሸከምም፣ መካከለኛውን ክንድ እዘዙ።

ስለ ስጦታ ብስክሌት አንድ ነገር። ስፖንሰሩ «ከአውሮፓ ያገለገለ የቡድን ብስክሌት አመጣላችኋለሁ» ሊል ይችላል። ጠይቁት። ባለ 12 ኤሌክትሪክ ማርሽ ከሆነ፣ ሽቦውና የፍሬን ቱቦው መሪው ውስጥ የሚያልፍ ከሆነ፣ ባትሪው ወይም ቻርጀሩ ሲሞት ጎንደርም ባሕር ዳርም የሚተካው የለም። አንድ ትንሽ ብሎን ሲሰበር ብስክሌቱ ለወራት ይቆማል። በሜካኒካል ማርሽ የሚሠራ፣ ሽቦው ከውጭ የሚታይ አሉሚኒየም ብስክሌት ውድድር ያስጨርሳል። የካርበን ቸርኬ ከቸርኬ ፍሬን ጋርም ተዉት፤ ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲያዝ ይግላል፣ ጠርዙ ይበላሻል። ከአምባ ጊዮርጊስ ሲወረድ ፍሬን ያዝ ለቀቅ እየተደረገ ይሁን፣ ያለማቋረጥ አይጨበጥ።

እትዬ_ብዙ

ሁሉም ስለ ዕቃና ስለ ሎጎ ጻፉ፤ እህቴ፣ የልጆቹ ሆድ በጀቱ ውስጥ አለ?

ረጅም ልምምድ ላይ ከሁለተኛው ሰዓት ጀምሮ በሰዓት 60 ግራም ያህል ስኳርነት ያለው ምግብ ያስፈልጋታል። ከውጭ የሚመጣ ጄል አትግዙ። አንድ ሊትር ውኃ፣ 60 ግራም ስኳር፣ አንድ ግራም ጨው፣ የሎሚ ጭማቂ፤ ያ የአንድ ሰዓት ነው። በዚያ ላይ ሙዝ፣ ዳቦ በማር። ቆሎ ለጉዞ እንጂ ለውድድር አይሆንም፤ ማኘኩ ትንፋሽ ይወስዳል፣ ሆድም ላይ ይቆያል።

ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፣ የሚጾሙ ልጆች ይኖራሉ። ማንም «ጹሚ፣ አትጹሚ» አይበላቸው፤ ፕሮግራሙ ይስተካከል። እስከ ቅዳሴ መውጫ የሚጾሙ ከሆነ ከባዱ ልምምድ ከሰዓት በኋላ፣ ከበሉ በኋላ ይሁን፤ ጠዋት ቀላል ይነዳ። ምስር፣ ሽሮ፣ ሽምብራ፣ ሱፍ በብዛት ይቅረብ፤ የአንድ ሰው ድርሻ የሚለካው በሥራዋ እንጂ በቤት ልማድ አይደለም። የደም ማነስና የብረት ክምችት ምርመራ በዓመት ሁለት ጊዜ፤ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ቅርብ ነው። የወር አበባዋ ሦስት ወር የቀረባት ልጅ «ጠነከረች» አትባልም፤ የምትበላው ለምትነዳው አልበቃም ማለት ነው፣ ሐኪም ትይ።

ሌላው መንገዱ ነው። ከንጋቱ 12 ሰዓት ተነሥታችሁ ባጃጁና ከብቱ ሳይበዛ ከአዘዞ ማለፍ፣ ከኋላ አንድ መኪና መብራት አብርቶ መከተል። የመኪናው ነዳጅ በጀት ላይ ራሱን የቻለ መስመር ይኑረው፤ ገንዘብ ሲያጥር መጀመሪያ የሚቆረጠው እሱ ነው፣ መቆረጥ የሌለበትም እሱ ነው። በየዕለቱ መንገዱ ሰላም መሆኑን ጠይቃችሁ ውጡ፤ ስፖንሰሩ ፎቶ ስለፈለገ ብቻ ወደ ደባርቅ መስመር አትሂዱ።

ማራኪ_ሰፈር

እሺ እትዬ፣ ምግቡንና ነዳጁን ለየብቻ እናስገባለን። የመጨረሻ ጥያቄ ለሁላችሁም፦ ድርጅቱ በጥምቀት ሰሞን ከተማ ውስጥ ትርዒት ውድድር ይዘጋጅልኝ ብሏል። በሐሳቡ ውስጥ ቃል እንግባለት?

ሩቅ_ጎዳና

አትግቡ። ሐሳቡ ከስፖንሰር ወገን ሲታይ ያጓጓል፣ ከተማው በእንግዳ የተሞላበት ጊዜ ነው። ግን ከከተራ ጀምሮ መንገዱ የታቦትና የምእመን ነው፣ ፖሊሱም የትራፊክ ሠራተኛውም እዚያ ተጠምዷል፤ ለብስክሌት የሚዘጋላችሁ ጎዳና የለም። ቢገኝ እንኳ ያ ሁሉ ሰው ባለበት በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ብስክሌት መልቀቅ አይገባም።

በምትኩ የካቲት ውስጥ፣ ጾሙ ሳይገባ፣ እሑድ ጠዋት አቅርቡለት። አጭር ዙር ይሁን፣ ከ1.5 እስከ 2 ኪሎ ሜትር፣ 40 ደቂቃና አምስት ዙር። ተመልካቹ በየሁለት ሦስት ደቂቃው ሎጎውን ያያል፤ ከረጅሙ የጎዳና ውድድር ለስፖንሰር የሚሻለው በዚህ ነው። ፒያሳ ዙሪያ ያማረ ቢመስልም ቁልቁለቱ ኩርባ ላይ ያበቃል፤ አዘዞ በኩል ያለው ሜዳማ ይሻላል። ማቋረጫ በሆነው ቦታ ሁሉ ሁለት ሰው ከነባንዲራው፣ አንድ አምቡላንስ፣ ኩርባዎቹ ላይ የጭድ ከረጢት። የትራፊክ ፖሊስ ፈቃድ ደብዳቤ ከአንድ ወር በፊት ይግባ።

ደብተርና_ደረሰኝ

ይህ ትርዒት በውሉ ገንዘብ ውስጥ እንዳይጠቃለል። የአምቡላንሱ፣ የአስተናባሪውና የመድን ወጪው በተለየ አባሪ፣ በስፖንሰሩ ወጪ ተብሎ ይጻፍ፤ ያለዚያ ከልጆቹ ደመወዝ ነው የሚወጣው።